አቦሸማኔው ከፓርክ አልወጣም፤ ድሮም እዚያ አልነበረም

የዜና ሰዎች የለመዱት አንድ አባባል አለ። በአንድ ወረዳ ፍየል ተበላ፣ ጥጃ ጠፋ ሲባል «ከፓርክ የወጣ አውሬ ነው» ይላሉ። ኃላፊው ይደግመዋል፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ይቀባበለዋል። ሲሰሙት ምንም ክፋት ያለው አይመስልም። በውስጡ ግን ትልቅ ውሸት አለ። አውሬው ቤት እንዳለው፣ ቤቱም ካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ እንደሆነ፣ ከዚያ ውጭ ከተገኘ የሆነ ሰው በር ሳይዘጋ እንደቀረ የሚያስመስል ውሸት።

ይህ ለአንበሳም ለዝሆንም አይሠራም። ለአቦሸማኔ ሲነገር ግን እንስሳውን እስከነአካቴው የሚያጠፋ ውሸት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የታተመ ጥናት በዓለም የቀሩት አቦሸማኔዎች 7,100 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ገመተ። እንስሳው ድሮ ይኖርበት ከነበረው መሬት 91 በመቶውን አጥቷል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብዙ ሰው ያኔ አንብቦ፣ አዝኖ አልፏቸዋል። ለኢትዮጵያ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። ከተረፈው መዋያው 77 በመቶው ከፓርክና ከማንኛውም ጥብቅ ስፍራ ውጭ ነው። ይህ ማለት ከብት የሚሰማራበት፣ ፍየል የሚጠበቅበት፣ ዝናብ ሲገኝ ማሽላ የሚዘራበት መሬት ነው።

እንግዲህ አቦሸማኔን እስካሁን ያቆየው ማን ነው? ደንብ ልብስ የለበሰው የፓርክ ጠባቂ ድርሻው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ሸክም የተሸከመው በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቦረናና በታችኛው ኦሞ ሜዳ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው። ለዚህ ልጅ ደግሞ ማንም ምንም አይከፍለውም። ግልገሉ ሲበላ ኪሳራው የቤተሰቡ ነው፤ አቦሸማኔው ሲተርፍ ክብሩ የመንግሥት ነው።

ነገሩን ከቦምቤ ተነስቶ ማየት ይሻላል። ቦምቤ በወላይታ ዞን ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኝ የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ናት። አቦሸማኔ በዚያ የለም፤ እንደዚያ ጥቅጥቅ ብሎ በታረሰ አገርም ሊኖር አይችልም። ነገር ግን ሰውና አውሬ አንድ መሬት ሲጋሩ ወጪውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከቦምቤ ገበሬ የተሻለ አስረጂ አይገኝም።

የቦምቤ ገበሬ ማሳው ትንሽ ነው። ብዙው ሰው ግማሽ ሄክታር እንኳ የለውም። በዚያች መሬት እንሰት፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ ቦይና ይተክላል። ለጥሬ ገንዘብ ይመካበት የነበረውን ዝንጅብል በ2004 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአጠውልግ በሽታ መታው። በቀረው ላይ ደግሞ ጃርትና ፍልፈል ሥር ሥሩን ይገቡበታል። በቆሎው ሲያፈራ ዝንጀሮ በቀን፣ የዱር አሳማ በሌሊት ይመጣሉ። ስለዚህ ማማ ይሠራል፣ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይወጣበታል። ልጁ ማማ ላይ በዋለበት ቀን ትምህርት ቤት አልዋለም። ከብቱ ማታ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድረውም አለምክንያት አይደለም፤ ደጅ ካደረ ጅብ አለ።

ለዚህ ሁሉ ካሳ የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቅም የሚሄድበት መስኮት የለውም። ማንም ደግሞ «ከፓርክ የወጣ አሳማ» አይልም፤ ወረዳው ውስጥ ፓርክ የለምና። በቦምቤ አውሬ የገበሬው የግል ችግር ነው። ልክ እንደ በረዶ፣ እንደ ድርቅ፣ «የመጣ ነገር» ተብሎ ይታለፋል። የቦምቤ ገበሬና የሐመር ወይም የቀብሪ ደሃር እረኛ አይተዋወቁም። ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ግብር ይከፍላሉ፤ ደረሰኝ የሌለው ግብር።

አሁን ወደ ስሌቱ።

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከሚያስተዳድራቸው አካባቢዎች ከወላይታ በጣም የማይርቅ ማዜ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ወደ 220 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚታወቀውም በቆርኬ ነው። አርባ ምንጭ አጠገብ ያለው ነጭ ሳር 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አዋሽ 756። እነዚህን ቁጥሮች አንባቢ ይያዛቸው።

በናሚቢያ የእርሻ መሬቶች ላይ ተመራማሪዎች አንገታቸው ላይ የመከታተያ መሣሪያ ያሰሩላቸው አቦሸማኔዎች፣ ቋሚ ግዛት የሌላቸው ወንዶች፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ ወደ 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲዞሩ ተገኙ። የአንዱ መዋያ በሌላው ላይ ይደረባልና ሒሳቡ «አንድ ፓርክ ለአንድ እንስሳ» ማለት አይደለም። ቢሆንም አንዱ ብቻ የሚዞረው መሬት ማዜን ሰባት ጊዜ፣ ነጭ ሳርን ሦስት ጊዜ፣ አዋሽን ሁለት ጊዜ ያጥፋል። አደን በበዛበት የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ እንኳ ሴቶቹ የሜዳ ፍየሉን መንጋ ተከትለው 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። መላው ወላይታ፣ በ1999ኙ ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ሰው የተቆጠረበት ዞን፣ ከአራት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም።

ታዲያ አዋሽ ፓርክ ውስጥ አንድ አቦሸማኔ ታይቶ በማግስቱ ቢጠፋ «ወጣ» ይባላል? አልወጣም። መንገዱ ላይ ነበር።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፓርክ፣ በተለይ በደንብ የተጠበቀ ፓርክ፣ ለአቦሸማኔ ያን ያህል ምቹ ላይሆን ይችላል። አቦሸማኔ ሩጫው እንጂ ጉልበቱ አይደለም። ክብደቱ ከአንድ ጎልማሳ ሰው አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ ያንሳል። አንበሳ ግልገሎቹን ይገድልበታል፤ ጅብ የገደለውን ይቀማዋል፤ እሱ አይከራከርም፣ ጥሎ ይሄዳል። በሴሬንጌቲ ሜዳ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ክትትል ከመቶ ግልገሎች ራሳቸውን ለመቻል የደረሱት አምስት ያህል ብቻ ነበሩ፤ ዋናዋ ገዳይም አንበሳ ነበረች። አንበሳና ጅብ ተባርረው ባለቁበት የከብት መሬት ላይ ግን አቦሸማኔው እፎይ ይላል። ሰው የሚኖርበትን መሬት የመረጠው ደፍሮ ሳይሆን ሸሽቶ ነው። ሰውን ደግሞ አይነካም፤ በዱር የሚኖር አቦሸማኔ ሰው ገደለ ተብሎ የተመዘገበ ነገር የለም። የሚነካው ግልገልና ጥጃ ነው። የሜዳ ፍየሉ፣ ሚዳቋው፣ ጥንቸሉ ሲመናመን ደግሞ የበለጠ ይነካል።

ናሚቢያ ስትነሳ ታሪኩን እስከ መጨረሻው መናገር ይገባል። በዓለም ላይ ብዙ አቦሸማኔ ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከአቦሸማኔዎቿ አብዛኞቹም የሚኖሩት በግል የከብት እርሻዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነዚያ ባለ እርሻዎች በሺዎች የሚቆጠሩ አቦሸማኔዎችን በወጥመድ ይዘውና ተኩሰው አስወገዱ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ጥጃ እየተበላባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ነገሩን የጀመረው እነሱን በመስደብ አልነበረም። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቱርክ አናቶሊያ ዘር የመጡ ትልልቅ የመንጋ ጠባቂ ውሾችን ለገበሬዎች ማደል ያዘ። ቡችላው ከፍየሎቹ ጋር ያድጋል፣ ራሱን ከእነሱ ይቆጥራል፣ አውሬ ሲመጣ ይጮሃል። አቦሸማኔ ደግሞ እንደተባለው ጠብ አይወድም። ድርጅቱ እንደሚለው ውሻ ያለው ገበሬ የመንጋ ኪሳራው ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል።

ከዚያ የበለጠ የሚገርመው በ2020 እ.ኤ.አ. በጀርመን የላይብኒትዝ ተቋም ተመራማሪዎች የቀረበው ነው። ከመቶ በላይ አቦሸማኔዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ እንስሶቹ መሬቱን እኩል እንደማይጠቀሙበት አስተዋሉ። የሚገናኙባቸው፣ ሽታ የሚለዋወጡባቸው፣ ብዙ ጊዜም ትልልቅ ዛፎች ያሉባቸው የተወሰኑ ቦታዎች አሉ። ግዛት የያዙት ወንዶች እነዚህን ቦታዎች ይጠብቃሉ፤ ተንከራታቾቹም በየተራ እየመጡ ይጎበኟቸዋል። ዜና ለመስማት ገበያ እንደሚወጣ ሰው ናቸው። መሬቱ ላይ እንዲህ ያለ «ገበያ» የዋለበት ገበሬ ብዙ ጥጃ ያጣል፤ ጎረቤቱ ምንም ላያጣ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ገበሬዎቹን የወለዱ ላሞችና ጥጆች ከእነዚያ ቦታዎች እንዲያርቁ መከሩ። ምክሩን የተቀበሉት የጥጃ ኪሳራቸው በ86 በመቶ ወረደ። ጥይት አልተተኮሰም፣ አጥር አልታጠረም፣ ሰው አልተፈናቀለም። የተደረገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እንስሳው የት እንደሚውል የሚያውቅ ሰው ለገበሬው ነገረው።

በእርግጥ ናሚቢያ ኢትዮጵያ አይደለችም። የናሚቢያ ባለ እርሻ አንዱ ብቻውን ብዙ ሺህ ሄክታር አለው፤ ጥጆቹን ወደ ሌላው ጥግ ማዛወር ይችላል። የቦረና እረኛ ግጦሹ የጋራ ነው፣ ውሃው ሩቅ ነው፣ ወቅቱ ያዘዋል። ነገር ግን ትምህርቱ ስለ መሬት ስፋት አይደለም። እረኛው አቦሸማኔ በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ወር የት እንደሚወልድ ከማንም ተመራማሪ ቀድሞ ያውቃል። ይህን ዕውቀቱን የጠየቀው፣ ጽፎ የያዘለት፣ መልሶም ለእሱ ጥቅም ያዋለለት ግን የለም።

ኢትዮጵያ ዕቅድ አጥታ አይደለም። የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 የአቦሸማኔና የተኩላ ብሔራዊ የጥበቃ ዕቅድ አውጥቷል። ሁለቱን እንስሳት በአንድ ዕቅድ ማስገባቱ ትክክል ነበር፤ ሁለቱም ሰፊ መሬት ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም በአጥር አይኖሩም። ችግሩ ዕቅዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን መሬቱ የሌሎች መሆኑ ነው። ስኳር ፋብሪካ የት እንደሚተከል፣ መስኖ የት እንደሚወጣ፣ የትኛው ግጦሽ ለባለሀብት እንደሚሰጥ የሚወሰነው በሌላ ቢሮ ነው።

ለዚህም ከቦምቤ በታች የሚያልፈውን ውሃ መከተል ይበቃል። ከወረዳው ምዕራብ መሬቱ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ዳውሮ ነው። ያ ወንዝ ዛሬ በወላይታና በዳውሮ መካከል ሐይቅ ሆኗል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3፣ ግድቡ 243 ሜትር ቁመት፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት። መብራቱን ለመጥላት ምክንያት የለም። ነገር ግን ያው ውሃ ከግድቡ አልፎ ወደ ታችኛው ኦሞ ሲወርድ አቦሸማኔ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ሜዳ ላይ ይደርሳል። በዚያ የ4,068 ካሬ ኪሎ ሜትሩ የኦሞና የ2,162 ካሬ ኪሎ ሜትሩ የማጎ ብሔራዊ ፓርኮች አሉ፤ በአጠገባቸውም የታማ የዱር እንስሳት ክልል። ለአቦሸማኔ ቦታ ሊበቃው የሚችል ቦታ በአገሪቱ ቢኖር ይህ ነበር፤ ፓርኮቹ ብቻ ሳይሆኑ ፓርኮቹን የሚያገናኘው የቦዲ፣ የሙርሲ፣ የኛንጋቶም ግጦሽ ጭምር።

በ2003 ዓ.ም. የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት መጣ። መጀመሪያ ሲታቀድ ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ አገዳ ሊተከል ነበር። ከፓርኮቹም ከታማም መሬት ተቆርጦ ተሰጠ፤ ለአርብቶ አደሩ ደግሞ መንደር ተሠርቶ «ስፈር» ተባለ። ዕቅዱ በኋላ በብዙ አነሰ፤ ቦዩ፣ መንገዱና አገዳው ግን መሬት ላይ ቀሩ። የጎርፍ እርሻውን ግድቡ ያስቀረበት፣ ግጦሹን አገዳው የወሰደበት እረኛ ከብቶቹን ወዴት ይነዳል? ወደ ተረፈው ሣር። የተረፈው ሣር የት ነው? ፓርኩ ውስጥ። ከዚያ በኋላ በዜና የምንሰማው «አርብቶ አደሮች ፓርኩን ወረሩት» የሚል ይሆናል። አውሬው «ወጣ»፣ ሰውየው «ገባ»። ሁለቱንም አንድ ላይ ያጣበባቸው ውሳኔ ግን በዜናው ውስጥ ስም የለውም።

በምሥራቅ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው፤ የከፋም ነው። ከሶማሌ ክልል የሚያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል፣ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው፣ በየመን አድርገው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳሉ። እዚያ ሀብታም ሰው መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ፎቶ ይነሳባቸዋል። ብዙዎቹ ግን እዚያ ሳይደርሱ በረሃብ፣ በውሃ ጥምና በበሽታ ይሞታሉ። በአራዊት ንግድ ስምምነት አቦሸማኔ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ከዱር ተይዞ ለንግድ ድንበር ማለፍ የለበትም። የተያዙት ግልገሎች በሐርጌሳ ወይም ሆለታ አቅራቢያ ባለው የእንስሳ ኮቴ ማቆያ ሲደርሱ ፎቷቸው ይለቀቃል፤ የአዲስ አበባ ሰው ልቡ ይነካል፣ ያጋራዋል። ጥሩ ነው። ግን ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከሀብታሙ መኪና አይደለም። የሚጀምረው ፍየሎቹ ከተበሉበት ሰው ነው። እናትየዋን ተከታትሎ ዋሻዋን ወይም ቁጥቋጦዋን ያገኛል፤ ግልገሎቹን ይወስዳል። ለአንዳንዱ በቀል ነው፣ ለሌላው ካሳ ነው፤ መንግሥት ያልከፈለውን ካሳ ደላላው ከፈለው ማለት ነው። ደላላው ከዱር እንስሳት ቢሮ ይልቅ ቶሎ ይደርሳል፤ በጥሬ ገንዘብም ይከፍላል።

ሕጉስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ለጥፋተኛው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ቅጣት፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ደነገገ። ሲወጣ ገንዘቡ ከባድ ነበር፤ ብሩ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አንባቢ ያውቃል። ይህ ግን ዋናው ጉድለት አይደለም። ዋናው ጉድለት ሕጉ የገደለውን ሰው አግኝቶት የተጎዳውን ሰው አለማየቱ ነው። አንዱን ቅጠል የሚያስቀጣ ሕግ ለሌላው ቅጠል የሚከፍል ሥርዓት ካላበጀ እረኛው የሚማረው ነገር ቢኖር መደበቅ ብቻ ነው። የዱር እንስሳ ሀብትህ ነው፣ የቱሪዝም ገቢ ያመጣልሃል ይባላል። እሱ ግን ቱሪስት አይቶ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ቀርቶ ጭራዋንም አላየም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይመጣሉ፤ ሁለቱንም ያነሱ ሰዎች በቅንነት ያነሷቸዋል።

አንደኛው «ሰው እየተራበ ስለ አቦሸማኔ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ወላይታን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም። ረሃብ በዚያ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ዋዱ የተባለው የልማት ድርጅት ከደጋው ሰው እያወረደ አበላና በሌ ቆላ ያሰፈረው መሬት ጠቦ ነው። ያ ሰፈራ ቆላውን አረሰው፣ የዱር እንስሳውም ሄደ፤ ቤተሰብ ኖረበት፣ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ነገር ግን የሶማሌና የአፋር ሜዳ ቦምቤ አይደለም። ዝናቡ ለእርሻ አይበቃም። በዚያ መሬት ሰውን የሚያበላው ተንቀሳቃሽ ከብት ነው፤ ከብቱም አቦሸማኔውም የሚፈልጉት ያልታጠረ፣ ያልተቆራረጠ ሜዳ ነው። አቦሸማኔ የሚጠፋበት መሬት ብዙ ጊዜ እረኛውም የሚደኸይበት መሬት ነው። ስለዚህ ሰውን ይቅደም የሚል ሰው መጀመሪያ ሊከራከርለት የሚገባው ያ ሜዳ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጥበቃ ወዳጆች የሚመጣ ነው፦ «ሰውን ከፓርኩ አውጡ፣ እጠሩ፣ ጠባቂ ጨምሩ።» ይህ ተሞክሯል። በ1996 ዓ.ም. ነጭ ሳርን አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ ድርጅት ለማስተዳደር ስምምነት በተፈረመበት ወቅት የኮሬና የጉጂ ሰዎች ከፓርኩ እንዲወጡ ተደረገ፤ የጉጂዎች ቤቶች ተቃጠሉ። ድርጅቱ ከአራት ዓመት በኋላ ነጭ ሳርንም ኦሞንም ትቶ ከአገር ወጣ። ቀድሞ ከሰንቀሌ ተጭኖ ነጭ ሳር የገባው ቆርኬ በጣት ወደሚቆጠር ደረጃ ወረደ፤ ከብቱም ተመለሰ። ሰው ተጎዳ፣ እንስሳውም አልዳነ። ከዚህ የከፋ ውጤት ለማምጣት ቢሞከር እንኳ ያስቸግራል።

ሰው ባለበት መሬት ጥበቃ አይሆንም የሚል ሰው ወደ መንዝ ይሂድ። ጓሳን ከአራት መቶ ዓመት ለማያንስ ጊዜ የጠበቀው ፓርክ አልነበረም፤ የአስቦና የጌራ ዘሮች «ቄሮ» ብለው ባቆሙት ሥርዓት ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ ራሳቸው እየወሰኑ ነው። ደርግ የመሬት አዋጁን ሲያውጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ በሌላ መልክ ተመለሰ። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አሉበት። ገበሬው ለምን ጠበቀው? ለቀበሮው ብሎ አይደለም። ለሣሩ ብሎ ነው፤ ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት ጓሳ። ቀበሮው ከሣሩ ጋር ተረፈ።

ከቦምቤ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ወላይታ ውስጥ ደግሞ ሁምቦ አለ። ተራራው ተራቁቶ፣ አፈሩ ታጥቦ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር መሬት ተከልሎ ከነባሩ ጉቶ ላይ ዛፍ እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ። ሰባት የገበሬ ማኅበራት መሬቱን የማስተዳደር መብት በስማቸው ያዙ፤ የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድም ደኑ የያዘውን ካርቦን ገዛቸው። ገንዘቡ ለማኅበራቱ ገባ። ሁምቦ ጉድለት የለውም የሚል የለም። ግን አንድ ነገር አሳይቷል፤ የወላይታ ገበሬ ማንም በዓይኑ ለማያየው ጋዝ ሊከፈለው ይችላል። መለካት ይቻላል፣ ውል መጻፍ ይቻላል፣ ብር ለቀበሌ ማኅበር መላክ ይቻላል። በዓይን ለሚታይ፣ አሻራው ለሚቆጠር፣ በካሜራ ፎቶ ለሚነሳ እንስሳ ይህ ለምን አይቻልም?

የሚጠየቀው ነገር ሰማይ የሚነካ አይደለም። አቦሸማኔ በሚዞርባቸው ወረዳዎች እንስሳው በሕይወት ስለመኖሩ ለቀበሌው ዓመታዊ ክፍያ ይታሰብ፤ ለእያንዳንዱ ለተበላ ፍየል እየተከራከሩ ካሳ ከመክፈል ይህ ይቀላል፤ ማጭበርበርም ይቀንሳል። ገንዘቡን ቀበሌው ራሱ ያከፋፍል፣ ግልገል ለጠፋበትም ቅድሚያ ይስጥ። የሌሊት በረት በጥብቅ እሾህ ይታጠር፤ የመንጋ ውሻ ማሳደግ ይሞከር፤ ክትባቱም አብሮ ይሂድ፣ ያልተከተበ ውሻ ለተኩላም ለቀይ ቀበሮም በሽታ ነውና። ማንኛውም የመስኖ ወይም የእርሻ ፕሮጀክት በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ላይ «በክልሉ ውስጥ ፓርክ የለም» ብሎ እንዳያልፍ፤ እንስሳው የሚሻገርበትን፣ ከብቱ የሚነዳበትን መንገድ አብሮ ካርታ ላይ ያስፍር። የዱር እንስሳት ባለሥልጣንም ባለሙያዎቹን ከፓርኩ በር አውጥቶ ወደ ከብት ገበያው ይላክ። አቦሸማኔው የት እንዳለ የሚነገረው እዚያ ነው።

ለቦምቤም የራሱ አለ። አሳማና ዝንጀሮ ብርቅ እንስሳ ስላልሆኑ ብቻ በእነሱ የደረሰ ጉዳት ጉዳት አይደለም ማለት አይቻልም። ቢያንስ ይመዝገብ። የግብርና ባለሙያው በየቀበሌው የምርት ግምት ሲሠራ በአውሬ የጠፋውን የሚጽፍበት አንድ ዓምድ ቅጹ ላይ ይጨመር። ዛሬ ያ ዓምድ ስለሌለ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውለው ልጅ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ የለም፤ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ካለው የቀሪ ምልክት በቀር።